ግራው እግር ይቀድማል

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 3 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለአሳዳጊዬ ለመሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ፣
ሐይቅ

የኔታ፣ ጉልበትዎን ስሜ እጅ እነሣለሁ። የሐይቁ ብርድ ዘንድሮ እንዴት አደረገዎ? ሳሉስ ተወዎ? እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ። የሚናፍቀኝ የእርስዎ ቁጣ ብቻ ነው፤ እዚህ የሚቆጣ ሞልቷል፣ እንደ እርስዎ አሳምሮ የሚቆጣ ግን አላገኘሁም።

ትምህርቱ ተጀምሯል። እንደነገርኩዎ የተመደብኩት ቴአትርና ውዝዋዜ ነው። ጠዋት ጠዋት እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠን እንማራለን። ከሰዓት በኋላ ጫማችንን አውልቀን ሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንዘላለን፣ እንወድቃለን፣ እንነሣለን። ባለፈው ሳምንት መምህራችን እያንዳንዳችንን «ያገርህን አምጣ» አለን። የጎጃሙ ልጅ ትከሻውን ሲሰብቅ ቤቱ ተናወጠ። የኔ ተራ ሲደርስ «አንተ ከአምባሰል የመጣኸው፣ እስቲ አሳየን» አለኝ። የኔታ፣ ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ። ልጅነቴን ከእርስዎ ጋር ማኅሌት ስቆም አሳልፌ ጭፈራ የት አውቄ! እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ፣ ሁሉም ሳቁብኝ።

አንድ የሚያስደስትዎ ነገር አለ። እሑድ እሑድ እኛ አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት መቆም ጀምሬያለሁ። እዚያ ካሉት ወጣት ደብተራዎች ጋር በመረግዱ ሽብሸባ ላይ ተከራከርን። ዝማሜው አልቆ ከበሮው ሲገባ የትኛው እግር እንደሚቀድምና መቋሚያው ወዴት እንደሚያዘነብል እኔ የእርስዎን አሳየኋቸው፤ ግን መካከል ላይ ተምታታብኝና አፈርኩ። እባክዎ አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። ኅዳር ሳያልቅ ቢደርሰኝ ደስታውን አልችለውም።

የሚፈልጉት ነገር ካለ ይዘዙኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ረዳ


ሐይቅ፣ ኅዳር 24 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለረዳ፣

ነፍስህን ከክፉ፣ ሥጋህን ከዚያ ከመውደቅና ከመነሣት ትምህርት ይጠብቅልኝ። እናትህ በሕይወት ብትኖር እግሯን ዘርግታ ትስቅ ነበር። ለመውደቅ ኮሌጅ መግባት ምን አስፈለገ? እዚሁ ሐይቅ ከበቅሎ እጥልህ ነበር።

ደብዳቤህን ጎረቤታችን ኑርሁሴን ከደሴ አመጣልኝ። ጨርቅ ለመግዛት አዲስ አበባ ድረስ እየተመላለሰ ነውና ከእንግዲህ በእርሱ እጅ ላክ። ቀልዱ ቢበዛም የታመነ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትሳቅብኝ። የደብራችን አለቃ «ያ ልጅ ምን ይማራል?» ብለው ሲጠይቁኝ «ታሪክ» አልኳቸው። ውዝዋዜ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወጣ አለኝ። የመሪጌታ ልጅ ለሕዝብ ሊጨፍር ሄደ እንዴት ብዬ ልበል? ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃ ባዩኝ ቁጥር የአፄ እገሌን ዘመን ይጠይቁልኝ ይሉኛል፤ እኔም እየዋሸሁ ሰነበትኩ።

አሁን ግን አንገቴን ቀና አደረግኸኝ። ማኅሌት መቆም ጀመርኩ ያልከውን፣ ደጀ ሰላም ተቀምጠን ሳለ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። በዚህ ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ወጣት ግራ ቀኙን አይቶ በሚሳለምበት ዘመን፣ የኔ ልጅ አዲስ አበባ መሐል መቋሚያ ይዞ ቆመ! መሪጌታ ሙላት እንኳ፣ ምቀኝነቱን የምታውቀው ሙላት፣ «እሰይ» አለ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ግራው እግር ይቀድማል። ግን ዝም ብሎ አይነሣም። ከበሮው አንዴ ይመታል፤ አንተ አትከተለውም። መቋሚያው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይቆያል፤ የሚያይህ ሰው የረሳህ ይመስለዋል። ከበሮው ሲደግም ግራው እግር ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ወደ ፊት አይሄድም። ትከሻ ይከተላል፣ ራስ መጨረሻ ነው። ሌሎች ቸኩለው በመጀመሪያው ምት ይነሣሉ። ያቺ የመዘግየት ነገር የመምህሬ ናት፤ ከእርሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አንተ መጣች። ሌላ ደብር አታገኛትም። ልጅ ሳለህ መቋሚያው ረዝሞብህ ከሐይቁ ዳር ሸንበቆ ቆርጬ ያስያዝኩህ እርሷን ላስተምርህ ነው። ለእግዚአብሔር ለሚቆም ስጣት፤ ለሌላ አትስጣት።

የምፈልገው የባትሪ ድንጋይ ነው። ሌሊት ወደ ማኅሌት ስወርድ መንገዱ አስቸገረኝ።

አጎትህ ኃይለ ኢየሱስ


አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፈተናና ልምምድ ተደራርቦብኝ ነው።

የጻፉልኝ ደርሶኛል። እንዳሉት አደረግኩት፣ ልክ ሆነ። ሁሉም አደነቁት። የባትሪ ድንጋዩን በኑርሁሴን እጅ ልኬያለሁ፤ ከጥሩው ነው።

የኮሌጃችን የኪነት ቡድን ለየካቲቱ በዓል ወደ ደሴ ይመጣል ይባላል። እኔም ሳልኖርበት አልቀርም። ሐይቅ ለመድረስ ግን ጊዜ አይሰጡን ይሆናል፤ እንዳይጠብቁኝ። ስለ ሌላው በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ረዳ


ሐይቅ፣ የካቲት 27 ቀን 1973 ዓ.ም.

ረዳ፣

እንደምን ሰነበትህ? ጾሙ ከገባ ሳምንት አልሞላውም። ከበሮው ተሰቅሏል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ባለፈው ቅዳሜ ኑርሁሴን እየሮጠ መጣ። ገና ከበር «የኔታ፣ የምሥራች!» አለ። ደሴ አዳራሽ ገብቶ ቴአትር አይቶ ኖሯል። «ወላሂ ረዳን አየሁት! መሪጌታ ሆኖ ተጫወተ። ጥምጣሙ፣ መቋሚያው፣ አካሄዱ፣ ቁርጥ እርስዎን! አጃኢብ ነው! ሰዉ በሳቅ ሊሞት። አብሽሩ የኔታ፣ ልጅዎ ትልቅ ሰው ሆነ» አለኝ። ሊያስደስተኝ ነው የመጣው። ገበያውንም ሁሉ ሲያስደስት ውሎ ኖሯል። ምን እንዳደረገኝ አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሸኘሁት።

በማግስቱ አለቃ አስጠሩኝ። የደሴ ሁለት ደብተራዎች ከቀበሌያቸው ጋር ተሰልፈው አዳራሹ ገብተው ነበር። «የተቀለደበት መረግድ የናንተ ቤት ነው፤ ያቺን መዘግየት ከሐይቅ ሌላ ማንም አያውቃትም» ብለው ልከዋል። አለቃ ካህናቱን ሁሉ ሰብስበው፣ በእነርሱ ፊት ጠየቁኝ። መለስኩላቸው።

አንተን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። እውነት ነው? ኑርሁሴን አያውቅም፤ አንተ ታውቃለህ። ጻፍልኝ።

ኃይለ ኢየሱስ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 25 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሰላምታዬን ለማቅረብ ፊት የለኝም፤ ቢሆንም እንደምን አሉ።

እውነት ነው። ይህን ቃል ለመጻፍ ሳምንታት ፈጀብኝ። ስጀምር ስቀድ፣ ስጀምር ስቀድ ሰነበትኩ።

አዲስ አበባ አንድም ቀን ማኅሌት ቆሜ አላውቅም። እሑድ ልብሴን አጥባለሁ፣ ወይ እንተኛለን፣ ወይ ልምምድ ነው። የጠየቅኩዎ ለመምህራችን ነው። ያን ቀን ትከሻዬ እምቢ ብሎኝ ሲስቁብኝ፣ በነጋታው የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ዝማሜ አሳየኋቸው። ማንም አልሳቀም። መምህሩ ተነሥቶ ዞረኝ፤ «ይህን የት አገኘኸው?» አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ሰው ሆኜ የታየሁበት ቀን የለም። መረግዱ ላይ ስደርስ ተምታታብኝ። «ሙሉውን አምጣ» አለኝ። ለዚህ ነው እርስዎን የዋሸሁት። ለጥናት ብቻ መስሎኝ ነበር፣ በሞተችው እናቴ እምላለሁ።

ከዚያ ድርሰት ጻፉበት። አንድ ደብተራ አለ፤ የባላባቱ ጎተራ ፊት ቆሞ ይዘምማል። እርሱ ሲዘምም የባላባቱ ሰዎች ከኋላው የገበሬውን እህል ይዘርፋሉ። ገበሬው ሊጮህ ሲል ደብተራው በመቋሚያው ይመታዋል፣ መልሶ ይዘምማል። ያ ደብተራ እኔ ነኝ። ያቺ የመዘግየት ነገር የምትገባው ደግሞ እህሉ ሲወጣ ነው። ከበሮው ይመታል፣ እኔ አልነሣም፣ አንድ ዓይኔን ገልጬ ጆንያውን አያለሁ፤ ከዚያ ግራው እግር ይነሣል። ያን ጊዜ አዳራሹ ይፈነዳል። አሳምሬ ባደረግኩት ቁጥር የበለጠ ይስቃሉ።

እናም ሁሉንም ልናገር። የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። ሲያጨበጭቡልኝ እርስዎን ረስቼ ነበር። ትዝ ያሉኝ ጥምጣሙን ሳወልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ መስተዋት ፊት ስቆም የማየው እርስዎን ነው፤ የምቀልደውም በእርስዎ ነው፤ አፍሬያለሁ።

የባሰው ገና ነው። ለሠራተኞች ቀን ሐይቅ ድረስ እንመጣለን። ሌላ ሰው ይተካ ብዬ ለመንኩ። የቡድኑ ኃላፊ «ከቄሶች ጋር ምን አለህ?» አለኝ፤ አጠያየቁ አላማረኝም። ከክፍላችን አንዱ እንዲህ ተጠይቆ ከወጣ አልተመለሰም። ፈራሁ የኔታ።

ታምሜያለሁ ይበሉና ከቤት ይዋሉ። እባክዎ አይምጡ።

ረዳ


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ረዳ፣

ጽሕፈትህ ደረሰኝ።

ከቤት መዋል አይቻልም። የቀበሌው ሊቀ መንበር በየቤቱ እየዞረ ተናግሯል፤ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይጠየቃል። ካህናት ደግሞ ከፊት ተቀመጡ ተብለናል። የታመመም በቃሬዛ ይምጣ ብሎ ቀልዷል፤ ቀልድ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ እኖራለሁ። አንተ የታዘዝከውን አድርግ። ዓይንህን ወደ እኔ አታምጣ፤ ሰው ይመለከታል። እልኸኛ መሆን ካማረህ ሌላ ቦታ ሁን። እህቴ ያንተን ነገር አደራ ያለችኝ በሕይወት እንድትኖር ነው።

ባትሪ ድንጋይ አትላክ። ምንም አትላክ።

ኃይለ ኢየሱስ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሐይቅ ደርሼ፣ ከእርስዎ ቤት የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት ላይ ሆኜ፣ ደጅዎን ሳልረግጥ ተመለስኩ። እቃው እንደተጫነ መኪናው ይነሣል ብለውን ነበር፤ ግን አልተነሣም፣ ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ቆየ። መጥቼ እግርዎ ላይ መውደቅ እችል ነበር። ከመኪናው ኋላ ተደብቄ ቆምኩ። ኑርሁሴን ስሜን እየጠራ ሲፈልገኝ ሰምቼ እንኳ አልወጣሁም።

አትይ ቢሉኝም አየሁዎ። ከአለቃ ጎን ተቀምጠው ነበር። ከሲታ ሆነዋል።

ያደረግኩትን እርስዎ ሳያዩት አልቀሩም። ሌላ ማንም አላየውም። መረግዱ ሲገባ ከበሮው በመጀመሪያው ሲመታ ተነሣሁ። ያውም በቀኝ እግሬ። መቋሚያውን እንደ በሬ መንጃ ዱላ ያዝኩት፤ ራሴን ከትከሻዬ አስቀደምኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ሰው እንደሚያደርገው አድርጌ አበላሸሁት። በደሴው ጊዜ የእርስዎ እጅ ታውቋል ብለውኛል፤ ሐይቅ ላይ በወዳጆችዎ ፊት እንዳይታወቅ ሌላ ዘዴ አላገኘሁም። ሕዝቡ እንደሁ እንደዚያውም ሳቀ።

የቡድኑ ኃላፊ ግን ነቃ። ማታ ስብሰባ ላይ «ዛሬ ለምን አበላሸህ?» ተባልኩ። አመመኝ አልኩ። ግለ ሂስ አድርግ ተብዬ ቆሜ ራሴን ወቀስኩ፤ ለትግሉ ግድየለሽ ነኝ አልኩ። እንዲህ ያለውን እንኳ እየተወንኩ ተናገርኩት። የቴአትር ትምህርቴ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው።

በመጨረሻው ሲያጨበጭቡ አየሁዎ። ለምን አጨበጨቡ አልልም፤ ሁሉም ያጨበጭብ ነበር። ብቻ እጅዎ ሲመታ ማየት እኔን መታኝ።

መልስ አልጠብቅም። ትምህርት ሲዘጋም ወደዚያ የምመጣበት ፊት የለኝም፤ እዚሁ እከርማለሁ።

ረዳ


ሐይቅ፣ ሰኔ 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለረዳ፣

እግዚአብሔር በያለህበት ይጠብቅህ። ብዙ ልጽፍ ነው፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

አዎ አጨበጨብኩ። አለቃም አጨበጨቡ። ሙላት ከሁላችን አብልጦ አጨበጨበ። ከኋላችን የቆመው ሚሊሺያ እጃችንን ያይ ነበር። ማታ እጄን ስታጠብ አፈርኩበት።

ቀኝ እግርህ ሲነሣ አየሁ። በመጀመሪያ ክው አልኩ፤ ረሳው ብዬ። እንዲያ ያለ ስሕተት አሥር ዓመት ሳይሞላህም አድርገህ አታውቅም። ከዚያ ትከሻህን ስታጠፋው፣ ራስህን ስታስቀድም፣ አውቀህ እንደሆነ ገባኝ። ሁሉንም በትክክል የሚያውቅ ሰው ካልሆነ ሁሉንም እንዲያ አድርጎ አያበላሽም። ለማን ብለህ እንዳደረግከው ገባኝ። እንባዬ ሊመጣ ሲል ሳል አስመሰልኩት።

አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። በየካቲት አለቃ በካህናቱ ፊት ሲጠይቁኝ «መለስኩላቸው» ብዬ ጽፌልሃለሁ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አልጻፍኩልህም። «እኔ መረግድ አላስተማርኩትም» አልኩ። «ልጅ ሆኖ ሲያይ ዓይኑ ላይ ቀርቶ ይሆናል እንጂ፣ ከእኔ አልተማረም» አልኩ። እጄ የጻፈልህን አንድ በአንድ እያወቅሁ ይህን አልኩ። ፈራሁ ብለህ ጽፈህልኛል፤ አንተን የሚያስፈራ አለህ። እኔን ያስፈራኝ መቋሚያዬን መቀማቱ፣ ሙላት በቦታዬ መቆሙ ነው። ስታፍር ሰነበትክ፣ እኔ ግን ያንተን እፍረት እያነበብኩ የራሴን ደብቄ ቁጣ አሳየሁህ።

የዕርገት ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀምጠን ጠላ ቀረበ። ወሬው ያንተ ነበር። አለቃ «መሪጌታ፣ እውነትዎን ነው፤ ልጁ የእርስዎ ተማሪ አይደለም። እግሩን እንኳ ለይቶ አያውቅም። በከንቱ ጠርጥረንዎታል» ብለው በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁኝ። ዳንኩ። ያደረግክልኝ ሠራ ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዋንጫዬን አነሣሁ።

ያኔ ሙላት ብድግ አለ። «እንዲህ እኮ ነው ያደረገው» ብሎ ቀኝ እግሩን እያስቀደመ፣ መቋሚያውን እያወዛወዘ ዞረ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ይህ ነው እንግዲህ አዲስ አበባ ማኅሌት ቆመ የተባለው! ግራና ቀኙን የማያውቅ ደንቆሮ!» አለ። እኔም አብሬ ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ትንሽ ሳቅ ብስቅ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር።

አላስቻለኝም፣ ልጄ። ስድቡን ቢሰድብህ እችለው ነበር። አያውቅም ሲልህ ነው ያልቻልኩት።

«ቁጭ በል፣ ሙላት» አልኩት። «ያ ልጅ በሸንበቆ ሲማር ያወቀውን አንተ ዛሬም አልደረስክበትም። አውቆ ነው ያበላሸው፤ እኔን ሊሸሽግ። ደሴ ያደረገው የኔ ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በልጅነቱ በእጄ፣ ዘንድሮ ደግሞ በጽሑፍ። የካቲት ላይ የነገርኳችሁ ውሸት ነው። ታሪክ ይማራል ያልኩትም ውሸት ነው፤ ቴአትርና ውዝዋዜ ነው የሚማረው።»

ሙላት መቋሚያውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። አለቃ እስከ መስቀል ድረስ ከማኅሌት እንድወርድ ወሰኑ። አልተቀየምኳቸውም፤ ከዚያም በላይ ይገባኛል። አሁን ሌሊት ማኅሌት ሲቆም ከምእመናኑ ጋር ውጭ ሆኜ እሰማለሁ። ሙላት በቦታዬ ነው። በመጀመሪያው ምት ይነሣል፤ ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ።

እንዳታስብ እውነቱን ልጻፍልህ። ለዋሸኸኝ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እኔም ዋሽቻለሁና። ያን ጎተራ ፊት የምትዘምመውን ነገር ግን ይቅር አላልኩህም። የመምህሬን ነገር ለሳቅ ሰጠኸው፤ ደስም ብሎህ ነበር። ይህ ገና ከውስጤ አልወጣም፤ መቼ እንደሚወጣም አላውቅም፤ አታስቸኩለኝ።

ፊት የለኝም ብለሃል። እኔስ የት አለኝ? ገበያ ስወጣ ይጠቋቆሙብኛል። ኑርሁሴን ብቻ፣ ነገሩ ሲገባው፣ ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፍቶ ደጄ ላይ ተቀምጦ ዋለ። «አውፍ በሉኝ የኔታ» አለኝ፤ እርሱ ምን አጠፋ?

ትምህርት ሲዘጋ ና። ሲመሽ ጠብቀህ በጓሮ እንዳትገባ። በቀን፣ በገበያው መሐል እለፍ። ማነህ የሚልህ ካለ የኃይለ ኢየሱስ ተማሪ ነኝ በል። እኔ በበኩሌ ተናግሬያለሁ፤ ብቻዬን አታስቀረኝ።

አጎትህና መምህርህ
ኃይለ ኢየሱስ